አልነሳም ያለው ጄኔሬተርና “ሌባ” የተባለው ልጅ

በዚህ ገጽ ላይ የለመዳችሁት የፍቅርና የትዳር ወሬ እንደሆነ አላጣሁትም። እኔ ግን ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ቀጭን ሽቦ ነው። ኧረ ገጹን ቶሎ አትግለጡት! በዚች ሽቦ ሰበብ አንድ የ19 ዓመት ልጅ በገዛ አገሩ “ሌባ” ተብሏል፤ እኔና አብሮ አደጌ ልንቆራረጥ ጥቂት ቀርቶናል፤ ከባሕር ማዶ የመጡ ሁለት ሙሽሮች ደግሞ ተኝተው ሳይነሱ ሊቀሩ ይችሉ ነበር።

ሙያዬ አውቶ ኤሌትሪክ ነው። አብሮ አደጌ አንድ ያረጀ ኮስተር ገዛና ወንበሩን ነቃቅሎ አልጋ፣ ምድጃና ትንሽ ፍሪጅ አስገባበት። ፈረንጆች ቤታቸውን ጎማ ላይ ጭነው የሚዞሩበት ዓይነት መኪና አደረገው ማለት ነው። ከኋላ ባለ ሳጥን ውስጥም በቤንዚን የሚሠራ 4 ኪሎ ዋት ጄኔሬተር አስገጠመ። ጄኔሬተሩ የሚነሳው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ማስነሻ እዚያው እሱ ላይ አለ። ሁለተኛዋ አልጋው ራስጌ የተተከለች ትንሽ ስዊች ናት፤ “የርቀት ማስነሻ” ይሏታል። ተኝተህ ወደ ላይ ስትጫናት ይነሳል፣ ወደ ታች ስትጫናት ይጠፋል። ብርድ ልብስህን ሳትገልጥ! መኪናውን የሚከራዩት ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚወዷት እሷን ነበር።

በ2012 ዓ.ም የገና ሰሞን ከአሜሪካ የመጡ አዲስ ተጋቢዎች መኪናውን ለላሊበላ ተከራዩት። አብሮ አደጌ ራሱ ሾፌር ሆነ፤ እኔን “መንገድ ላይ ብትበላሽስ?” ብሎ ይዞኝ ሄደ። አራተኛው ሰው ረዳቱ ነው። ልጁ የላስታ ተወላጅ ሲሆን እናቱ ብልባላ አጠገብ ነው የሚኖሩት። ሦስት ዓመት አላያቸውም ነበር። ለእሳቸው የገዛውን ብርድ ልብስ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው የመጣው።

ላሊበላ በገና ምን እንደሚመስል የሄደ ያውቀዋል። ለቤዛ ኵሉ የሚመጣው ምእመን ከተማውን ሞልቶት መኪና ማቆሚያ እንኳ የለም። ስለዚህ በዓሉ እስኪደርስ ሙሽሮቹ ይምርሐነ ክርስቶስን አይተው እዚያው ግርጌ እንዲያድሩ ተስማማን። ከላሊበላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ስንት ሰዓት እንደፈጀብን አትጠይቁኝ! ኮረኮንቹ የሰውን ጥርስ ያንገጫግጫል፣ የመኪናን ብሎን ያላላል።

ቦታውን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። መኪና አቁማችሁ በጽድ ደን ውስጥ ዳገቱን በእግር ትወጣላችሁ። ከዚያ ትልቅ ዋሻ ታገኛላችሁ፤ ዋሻው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ በፊት የነገሠ የዛጉዌ ንጉሥ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ላሊበላዎቹ ከአለት የተፈለፈለ አይደለም፤ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ የተለሰነ ድንጋይ እየተደረበ የተገነባ ነው። ከበስተኋላው የብዙ ሰዎች አፅም ተጋድሟል። ሙሽራዋ እሱን አይታ ስትወርድ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

እሷና ባሏ መኪናው ውስጥ ገቡ። መሸ፣ ብርዱም ጀመረ። ባሏ ስዊቿን ተጫነ… ዝም! ደገመ… ዝም! ጄኔሬተሩ ትንፍሽ አላለም።

አብሮ አደጌ ወዲያው ልጁ ላይ ዞረ። ወልዲያ ላይ መኪናውን ያጠበው ልጁ ነበር። ስዊቿም ያለ ወትሮዋ ታበራለች።

“ኦሪጅናሏን ነቅለህ ሸጠሃል! ይቺ ፎርጅድ ናት!” አለው።

“ጋሼ፣ በጨርቅ ወለወልኳት እንጂ…”

“ሌባ! ነገ ጠዋት ከመኪናዬ ውረድ!”

ይህ ሁሉ ሲሆን የአካባቢው ሰዎች ቆመው ይሰማሉ። አንዳንዶቹ እናቱን ያውቃሉ። አዲስ አበባ ላይ “ሌባ” ብትባል ሰፈር ቀይረህ ትገላገላለህ። እዚያ ግን ስሙ ካንተ አልፎ እናትህ ደጃፍ ድረስ ይሄዳል። ልጁ ብርድ ልብሱን አቅፎ ዝም አለ።

እኔ ባትሪ መብራትና ቴስተር አወጣሁ። እንግዲህ እናንተም ቤታችሁ ወይም ሱቃችሁ በስዊች የሚነሳ ጄኔሬተር ካለ ከዚህ በኋላ ያለውን ልብ ብላችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። አልጋ ራስጌ ያለችው ስዊች ሞተሪኖውን የምታዞረው እሷ አይደለችም። ከባዱን ኃይል ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ የሚያደርሰው ወፍራም ኬብል ነው። ወደ ስዊቿ የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች መልእክተኞች ናቸው፤ አንዱ “ተነሳ” ይላል፣ አንዱ “ቁም” ይላል፣ አንዱ የሁለቱ የጋራ ነው። በብዙዎቹ የመኪና ቤት ጄኔሬተሮች ላይ ይህ የጋራው ኔጌቲቭ ነው። ስዊቿን ስትጫን “ተነሳ” የሚለውን ሽቦ ከኔጌቲቭ ጋር ታገናኘዋለህ፣ ሪሌው “ጣቅ” ይላል፣ ሞተሪኖው ይዞራል። (የሽቦውን ቀለም አምናችሁ ግን እንዳትነካኩ! ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ መመሪያው ላይ ያለውን ስዕል እዩ።)

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሄጄ ጄኔሬተሩን በራሱ ማስነሻ ሞከርኩት። ጥርርር ብሎ ተነሳ! በዚች አንድ ሙከራ ስንቱ ነፃ እንደወጣ ቁጠሩልኝ፤ ባትሪው፣ ሞተሪኖው፣ ቤንዚኑ፣ ዘይቱ፣ ካንዴላው። አብሮ አደጌ “ከፍታው ይሆናል” ሲል ነበር። እውነት ነው፣ ከፍታ ኃይል ይበላል፤ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ በ2,500 ሜትር ላይ ባለ 4 ኪሎ ዋቱ ከ3 በታች ይወርዳል። ግን ከፍታ ቢሆን ኖሮ ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ነበር እምቢ የሚለው። የኛው ከስዊቿ ሲሞከር ሞተሪኖውም አልዞረም።

(በሁለቱም ቦታ እምቢ ቢል ኖሮ ባትሪውን ነበር የምለካው። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ኬብሉ ላልቷል። ተነስቶ እጃችሁን ስታነሱ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ስዊቿን ተዉአት፤ ዘይቱን እዩ፣ መቆጣጠሪያ ቦርዱንም አስመርምሩ።)

ቀጥዬ ጄኔሬተሩን አጠፋሁና ስዊቿን በካቻቢቴ ፈታኋት። ከጀርባዋ የ“ተነሳ”ውን ሽቦና የጋራውን ነቅዬ በአጭር ሽቦ አገናኘኋቸው። እንዲህ ስታደርግ ስዊቿ ከመንገዱ ወጥታለች፤ ኦሪጅናል ትሁን ፎርጅድ፣ ትኑር አትኑር፣ ለውጥ የለውም። አሁንም ዝም!

“አየህ?” አልኩት አብሮ አደጌን። “ስዊቿ የለችበትም። ልጁ ሸጠ ያልከው ነገር እዚህ ላይ አበቃ።”

“እንግዲያው ሽቦውን ቆርጦታል!” አለኝ። ሰው አንዴ ከጠረጠረ መመለሻ የለውም።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። ይህን ሳታደርጉ በፍጹም እጃችሁን ጄኔሬተር ውስጥ አታስገቡ፤ ሌላ ሰው ከአልጋው ሆኖ ቢጫንስ? ከዚያ ሽቦዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴስተር ሞከርኩ። ሁሉም “ጢጥ” አሉ። አንዱም አልተቆረጠም። የጋራው ሽቦ የመኪናው ቦዲ ላይ በብሎን ታስሯል፤ ከሽቦው ወደ ቦዲው ስሞክርም “ጢጥ” አለ። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ “ደህና ነው” ብሎ ይነሳል። ቴስተር “ጢጥ” የሚለው ግን በጣም ትንሽ ኃይል አሳልፎ ነው። እግረኛ የሚያሳልፍ ድልድይ ሁሉ ሲኖትራክ አያሳልፍም!

ስለዚህ ባትሪውን መልሼ አሰርኩና ሥራ ላይ እያለ ለካሁት። የቴስተሩን አንድ እግር የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ስዊቿ ዘንድ ባለው የጋራ ሽቦ ላይ አድርጌ ልጁን “ሽቦዎቹን አገናኝ” አልኩት። ጤነኛ ቢሆን ወደ ዜሮ የተጠጋ ነበር የሚያሳየው። 5 ቮልት አሳየ! ከ12ቱ አምስቱ መንገድ ላይ እየቀረ ሪሌው በምን ጉልበቱ ይሳብ?

መኪናው ሥር ገባሁ። ሽቦውን ያሰረው ብሎን ላልቷል። ስፈታው ደግሞ ጉዱ ወጣ፤ የገጠመው ባለሙያ የቦዲውን ቀለም ሳይፍቅ ቀለሙ ላይ ነው ያሰረው። ብሎኑ ብቻ በጥርሱ ብረቱን እየነካ ስንት ጊዜ ሠርቷል። ወልዲያ ላይ ውኃ ገባበት፣ ኮረኮንቹ አላላው፣ ዝገቱ ጨረሰው። ማጠቡ የልጁ ሥራ ነው፤ እጠብ ያለውም አብሮ አደጌ ራሱ ነው።

ጥገናው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የባትሪውን ኔጌቲቭ እንደገና ፈትቼ፣ ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቄ፣ የሽቦውን ጫፍ አጽድቼ፣ በ10 ቁልፍ አጠበቅኩና ግሪስ ቀባሁት። መልሼ ስለካ 0.1 ቮልት! አዲስ አበባ ስንመለስ ደግሞ ቦዲውን ትቼ ከጄኔሬተሩ ኔጌቲቭ ቀጥታ የራሱን ሽቦ ጎተትኩለት፤ እናንተም እንደዚያ አስደርጉ።

ሽቦው ሳይገኝ በፊት የሆነውን ግን ዘልዬዋለሁ። አብሮ አደጌ ሙሽሮቹ ገንዘባችንን መልስ እንዳይሉት ሰግቶ አንድ ሐሳብ አምጥቶ ነበር። “በራሱ ማስነሻ ከተነሳ ይበቃል። ሌሊቱን ሙሉ ይሥራ፤ ማሞቂያውም ይብራ” አለ። ሙሽሮቹም ደስ አላቸው። እኔ አሻፈረኝ አልኩ። ተጯጯህን፤ “መኪናው ያንተ ነው ወይስ የኔ?” እስከመባባል ደረስን።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው ያልነሱ ሰዎች ወሬ ሰምታችኋል አይደል? የጄኔሬተር ጭስም ያንኑ ገዳይ ነው የሚያወጣው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና አይለቅም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድብታ ያመጣል። ታዲያ ላስታ ላይ ራሱን ያመመው ሰው “ከፍታው ነው፣ የመንገዱ ድካም ነው” ብሎ ይተኛል እንጂ ማን ይጠረጥራል? ማርሚታው ከመኝታው ሥር ነው፣ ነፋሱ አቅጣጫ ይቀይራል፣ የሳጥኑ ክዳን ክፍተት አለው። የተኛ ሰው ባለበት መኪና ውስጥ ጄኔሬተር ይጠፋል፤ አበቃ። ጋዙ ሲኖር የሚጮህ ትንሽ መሣሪያም አለ፤ ቢኖራችሁ ሸጋ ነው፣ ግን እሱን ተማምናችሁ አስነስታችሁ አትተኙ። እኛም ሽቦው ከተስተካከለ በኋላ ሁለት ሰዓት አሞቅንና ሙሽራው ራሱ ከአልጋው ሆኖ አጠፋው። ብርድ ልብስ ሲያንሳቸው ልጁ የእናቱን አበደራቸው።

በማግስቱ ብልባላ ስንደርስ አብሮ አደጌ ብር አውጥቶ ለልጁ ሰጠው። ይቅርታ ከአፉ አልወጣም። ልጁ ቆጠረውና ከፍሎ ግማሹን መለሰለት።

“ይኼ ደመወዜ ነው፤ ይኼኛው ምንድን ነው ጋሼ?”

አብሮ አደጌ የመኪናውን ጎማ መርገጥ ጀመረ። ልጁ ብርድ ልብሱን ይዞ ወረደ፤ ከኛ ጋርም አልተመለሰም።

በ2013 ዓ.ም መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። መብራትም ስልክም ተቋረጠ። መብራቱ ለወራት አልተመለሰም፤ ጄኔሬተር ያለው ሰው የጎረቤቱን ሞባይል ቻርጅ የሚያደርግበት ጊዜ ነበር። የልጁን ነገር ሳስብ ከረምኩ። ስልክ ከተመለሰ በኋላ አንድ ቀን የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ።

“ጋሼ፣ እኔ ነኝ። የሰው ጄኔሬተር ይዣለሁ። በራሱ ይነሳል፣ በስዊች እምቢ ይላል። ስጫነው ኔጌቲቩ ላይ 12 ያሳየኛል።”

“12 ሙሉውን ካሳየህ ኔጌቲቩ ጭራሽ አልደረሰም። የታሰረበትን ፈልግ” አልኩት።

“አግኝቼ አስሬዋለሁ፤ ተነስቷል” አለኝ። “ልክ መሆኔን ልጠይቅህ ብዬ ነው።”