ለአንድ ምሽት ልውሰደው

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ሬዲዮ ሲገዛ ሞዴሉን የሚጠይቅ ብዙም አልነበረም። ጥያቄው «ጀርመንን ይይዛል?» ነበር። የጀርመን ድምፅ በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ በ1982 በአማርኛ ማሰራጨት ከጀመሩ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሬዲዮ ጥሩነት የሚለካው ሁለቱን ጥርት አድርጎ በማምጣቱ ነበር። ሻጩ «ፊሊፕስ ነው፣ እጅ ያልነካው ነው» እያለ ቢምልም ገዢው መቃኛውን ቀስ አድርጎ 31 ሜትር ባንድ ላይ ያደርስና ጆሮውን ያስጠጋል። ዋጋ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ያገለገሉ የአጭር ሞገድ ሬዲዮዎችን፣ ያውም ደህና ደህናዎቹን፣ መግዛት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። እዚህ ያለው ዕቃ ሌላ ዓይነት ነው፤ ድሬክ፣ ጄአርሲ፣ አይኮም፣ ኬንውድ፣ ኤኦአር የሠሩት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሪሲቨር። ብዙዎቹ አዲስ ሳሉ 1,000 ዶላር ገደማና ከዚያም በላይ ያወጡ ነበር። ንጹሕ ሆኖ የተያዘ ድሬክ አር8ቢ ፋብሪካው መሥራት ካቆመ ከብዙ ዓመት በኋላ ዛሬም በውድ ይሸጣል። ገንዘቡ ከባድ ነው። የግዢው ልማድ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ከመርካቶው ያንሳል።

«ኢንተርኔት እያለ ሬዲዮ ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ አሉ። ኢንተርኔት ሲዘጋ ምን እንደሚመስል አገር ቤት ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። የሬዲዮም ነገር ቢሆን እንደዋዛ የሚታይ አይደለም፤ በማርች 2025 የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ወደ ቤታቸው ሲላኩ የአማርኛው ሥርጭትም ጸጥ አለ። የሚሰማው እያነሰ ሲሄድ የቀረውን አጥርቶ የሚያመጣ መሣሪያ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሆኖ አገር ቤትን ማዳመጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በብርዱ ወራት እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። አትላንቲክ ጨልሟል፣ እዚያ ፀሐይ ልትወጣ ነው፤ በዚያች አጭር ጊዜ ሞገዱ ውቅያኖስ ይሻገራል። የኢትዮጵያ ሬዲዮ በ7110 ኪሎኸርዝ፣ ፋና በ6110 እዚህ ድረስ ይሰሙ የነበረው በዚያ ሰዓት ነው። ችግሩ 7110 አሜሪካ ውስጥ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች በሞርስ ምልክት የሚላላኩበት ክልል መሆኑ ነው። እዚሁ ጎረቤት ግዛት ያለ ሰው ሲልክ ጉልበቱ ከአዲስ አበባው በብዙ እጥፍ ይበረታል። ርካሹ ሬዲዮ ሁለቱን አደባልቆ ይሰጣል። ድሬክ አር8 ከ6 ኪሎኸርዝ እስከ ግማሽ ኪሎኸርዝ እየጠበቡ የሚሄዱ 5 ፊልተሮች አሉት፤ ሲንክሮነስ የሚባለው አሠራሩ ደግሞ ድምፁ ሄድ መለስ ሲል አጥብቆ ይይዘዋል። ያ ሁሉ ዶላር የሚከፈለው ለዚህ ነው። መፈተን ያለበትም ይኸው ነው።

እዚህ ግን የሚታየው መልኩ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚወጣ ማስታወቂያ የፊቱን፣ የጀርባውን፣ የመለያ ቁጥሩን፣ የካርቶኑን ፎቶ ይደረድርና ከሥሩ «ይበራል፤ አንቴና ስለሌለኝ ከዚያ በላይ አልሞከርኩትም» ይላል። ሰውም በዚህ ብቻ ብዙ መቶ ዶላር ይከፍላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ባለቤቱ ራሱ አይደለም። አዛውንቱ ሲያርፉ ስለ ሬዲዮ የማያውቁት ልጆቻቸው ናቸው ገበያ የሚያወጡት። ከኢንተርኔት ውጭ ያለው ገበያ የአማተሮች ባዛር ነው። ትልቁ በሜይ ወር ኦሃዮ ውስጥ ይካሄዳል፤ ከ1952 ጀምሮ ዴይተን ነበር፣ ከ2017 ወዲህ ወደ ዚንያ ተዛውሯል። ሰዉ ማልዶ መጥቶ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ዕቃውን ይዘረጋል። ደስ የሚል ገበያ ነው፤ እዚያ የሚገኘው እውቀት የትም አይገኝም። ግን ሜዳ ነው፣ ቀን ነው። በቀን ብርሃን የሩቅ ጣቢያ 7110 እና 6110 ባሉባቸው በ41 እና በ49 ሜትር ባንዶች አይገባም። ዕቃው ደግሞ ባለበት ሁኔታ ነው የሚሸጠው፣ ከተጨባበጡ በኋላ መመለስ የለም። ያገለገለውን ፈትሾ ይሸጥ የነበረው የኦሃዮው ዩኒቨርሳል ሬዲዮ በ2020 ሱቁን ዘግቷል።

አሁን ወደ አገር ቤቱ ጠጋኝ እንሂድ። ሱቁ አንድ ሰው ከነወንበሩ ቢይዝ ነው፤ ከጣሪያው በላይ የመዳብ ሽቦ ወጥሯል። ሬዲዮውን ከመደርደሪያው ያወርድና ሳይጠየቅ በካቻቢቴ ጀርባውን ይፈታል። የተበየደውን ቦታ በጣቱ ያሳያል፤ «ይቺን ካፓሲተር የቀየርኳት እኔ ነኝ፣ ሌላው የፋብሪካው ነው።» የድንጋዩን ቤት ይከፍታል፤ ሽቦው ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ ከዋጋው ይነሳለታል። ከዚያ ገዢው ዋናውን ነገር ያመጣል፤ «ጋሼ፣ ለአንድ ምሽት ልውሰደው?»

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀን ቀን የትኛውም ሬዲዮ አዲስ አበባን ይይዛል። የጀርመኑ ምሽት 1 ሰዓት፣ የአሜሪካው ምሽት 3 ሰዓት ነበር የሚመጡት። ስለዚህ ገዢው ቀብድ ያስይዛል፤ ጠጋኙ ካላወቀው ዋስ ይጠራል፣ ዋሱም እዚያው አጠገብ ያለችው ባለ ሻይ ቤት ትሆናለች። ሬዲዮው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሄዳል። ጠዋት ወይ ቀሪው ገንዘብ ይመጣል፣ ወይ ሬዲዮው ይመለሳል። ሲመለስም ቅሬታ የለም፣ ምን እንደጎደለው ጠጋኙ ራሱ ይጠይቃል።

ይህን ልማድ እዚህ አምጥቼዋለሁ። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የጄአርሲ ኤንአርዲ-535 የሚሸጡ አዛውንት ዘንድ ስደውል ከምሳ በኋላ እንድመጣ ነገሩኝ። ማታ ብመጣና ሁለት ሰዓት ያህል ቁጭ ብለን ብናዳምጥ ምን ይመስልዎታል አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አሉና ተስማሙ። መጀመሪያ ኮሎራዶ ያለውን የሰዓት ጣቢያ፣ ደብሊውደብሊውቪን፣ 10 ሜጋኸርዝ ላይ ያዝነው። ኤስኤስቢ (ከሞገዱ አንዱን ጎን ብቻ የሚያዳምጠው አሠራር) ላይ አድርጌ ቀስ እያልኩ ስጠጋ ፉጨቱ እየወፈረ ወርዶ ልክ 10,000 ኪሎኸርዝ ላይ ጠፋ፤ ሰሌዳው የሚያሳየው ቁጥር ትክክል ነው ማለት ነው። ከዚያ ወደ 7110 ሄድን። የአንድ አማተር የሞርስ ጩኸት ሸፍኖታል። ጩኸቱ ከጣቢያው በታችኛው ጎን ስለነበር ላይኛውን ጎን መርጬ ፊልተሩን አጠበብኩት። ከሹክሹክታው ሥር አማርኛ ብቅ አለ። «ይሄ የት ነው?» አሉኝ። «አዲስ አበባ ነው፤ አሁን እየነጋ ነው» አልኳቸው። ወንበራቸውን ሳቡና አጠገቤ ተቀመጡ።

ሬዲዮው ከሰዓት በላይ በርቶ ሲሞቅ ግን ጠባቡ ፊልተር ላይ ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። እሳቸውም አያውቁም ነበር፤ ለዓመታት ከሩብ ሰዓት በላይ አላበሩትም። ዋጋውን ሳልጠይቃቸው ራሳቸው ቀነሱ። ፎቶ አይቼ፣ ወይም ቀን መጥቼ አብርቼ አጥፍቼ ብገዛው ኖሮ ይህን እኔም እሳቸውም ባላወቅን ነበር።

እዚህ ያለውና አገር ቤት የሌለው ትልቅ ነገር ደግሞ አለ፤ የእያንዳንዱ ሞዴል ሕመም ተጽፎ ተቀምጧል። በ1984 የወጣው አይኮም አር71 የሥራ ትእዛዙ ያለው በትንሽ ሊቲየም ባትሪ በሚጠበቅ ማስታወሻ ውስጥ ነው፤ ባትሪው ሲሞት ሬዲዮው እንዴት እንደሚሠራ ይረሳል። ስለዚህ «ማስታወሻው ያለበት ሰሌዳ ተቀይሯል ወይ?» ሳይባል መገዛት የለበትም። የኬንውድ አር-5000 የውስጥ ማወዛወዣ ላይ የፈሰሰው ማጣበቂያ በዕድሜ ብዛት ሽቦና ሰሌዳ ይበላል፤ ሲጀምረው የፊቱ ማሳያ ቁጥር ማሳየት ይተውና ነጥብ ብቻ ያሳያል። ሶኒ አይሲኤፍ-2010 የውጭ አንቴና ሲሰካለት የሚቀበለው ትራንዚስተር በመብረቅ ብልጭታ በቀላሉ ይቃጠላል፤ ለክረምቱ ነጎድጓድ አገር ቤት የሚላክ ከሆነ ይህ መነገር አለበት። የአሜሪካ ጦር ይጠቀምበት የነበረው አር-390ኤ ድንቅ ነው፤ ግን 38 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ቱቦ ሲለቅለትም ቱቦ የሚለካ ሰው ይፈልጋል። አፓርታማ ላለ ሰው አልመክረውም።

የእኛ ጠጋኝ ይህን የመሰለውን እውቀት በጭንቅላቱ ነው የያዘው። የትኛው ናሽናል የቱ ጋ እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው ፊሊፕስ መቼ እንደሚሳሳ ያውቃል። ረዳቱ ወደ ስልክ ጥገና ከዞረ ግን እውቀቱ ከጠጋኙ ጋር አብሮ ይቀበራል። እነዚህ ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ አንድ ሰው ስልኩን ይዞ አጠገባቸው ተቀምጦ ቢቀዳቸው በጣም እመኛለሁ። ሌላው የዕቃው ምንጭ ነው። እዚህ ደረሰኙ፣ መጽሐፉ፣ አንዳንዴም የመጀመሪያው ባለቤት የጻፈው ማስታወሻ አብሮ ይመጣል። አገር ቤት ግን «ከየት መጣ?» ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል፤ በዚህ የተነሳ የሰው ዕቃ ሳያውቅ የገዛ ብዙ ነው።

ሬዲዮው ከተገዛ በኋላም ያለው ነገር ይለያያል። እዚህ አፓርታማ ውስጥ የኤልኢዲ አምፖሉ፣ ቻርጀሩ፣ የጎረቤት የፀሐይ ኃይል ማሽን ሁሉ ባንዱ ላይ ይጮኻሉ፤ 1,000 ዶላር የተከፈለበት ሪሲቨር የሚያጠራው የራሱ ቤት ጩኸት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በትንሽ ባለ ድንጋይ ሬዲዮ ቤቱን ክፍል በክፍል መዞር ይገባል። ለአገር ቤት የሚወስድ ሰው ደግሞ እዚያ 220 ቮልት መሆኑን አይርሳ፤ ድሬክ አር8 እና ኤንአርዲ-535 የቮልት መምረጫ ስላላቸው ከመሰካቱ በፊት ማስተካከል ነው። አይኮም አር75 ግን በ13.8 ቮልት ስለሚሠራ የመኪና ባትሪ ይበቃዋል። አገር ቤት ላለው ወንድሜ እሱን የመረጥኩለትም በዚህ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ቻርጀርና አምፖል ሁሉ አብሮ ስለሚጠፋ 31 ሜትር ባንድ ይጠራል፣ እሱም በባትሪው ያዳምጣል።