ሰዓትና ገመድ ይዞ ወደ መልካ ጀብዱ

አንባቢ ሆይ! ወዳጆች ስለ መኪና ሲያወጉ «ይበራል» የማይባል መኪና የለም። ምን ያህል እንደሚበር ሲጠየቁ ግን የሚነግሩን የፍጥነት መቁጠሪያው የደረሰበትን ቁጥር ብቻ ነው። እዚያ ለመድረስ ስንት ሰከንድ ፈጀ? ለመቆምስ ስንት ሜትር ያስፈልገዋል? ይህን ለመመርመር ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ወደምትገኘው ወደ መልካ ጀብዱ እንሂድ።

ከከዚራ ዛፎች ጥላ ወጥተው በባጃጅ ሲጓዙ ቤቱ እየሳሳ፣ ግራሩና ቁጥቋጦው እየበዛ፣ ሙቀቱም እየበረታ ይሄዳል። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። በገበያው ሶማልኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ይሰማሉ፤ በመንገዱም ግመል፣ ፍየል፣ ባጃጅና የጭነት መኪና ይጋፋሉ። የቀድሞው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነበር፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ጣቢያው በመልካ ጀብዱ በኩል ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣ ሾፌር እዚህ ሲደርስ ሞተሩ የበረታ ይመስለዋል። ይህ ከንቱ ግምት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል፣ ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ያህል ናት። ተርቦ የሌለው ሞተር 1,000 ሜትር በወጣ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳበት ከኃይሉ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ ሲወርድም ያጣውን መልሶ ያገኛል። ሆኖም የሞቀ አየር ስስ ነውና የቆላው ፀሐይ ከዚህ ትርፍ ጥቂቱን ይቀንስበታል። የኤሌክትሪኩ ባቡር ግን አየር ስለማይተነፍስ ለዳገቱም ለሙቀቱም እንደ ሞተር አይደክምም።

አሁን ወደ ልኬቱ እንግባ። ሰውና ከብት ከማያልፍበት ገላጣና ደልዳላ ሜዳ ላይ 25 ሜትር ገመድ አራት ጊዜ ዘርግተው በሁለቱም ጫፍ ድንጋይ ያቁሙ። ባጃጁ ከቆመበት ሲነሣ ሰዓቱን ይጀምሩ፤ ሁለተኛውን ድንጋይ ሲያልፍ ያቁሙ። ነፋሱና የመሬቱ ዘንበል ማለት እንዳያሳስትዎ ወዲህም ወዲያም አስኪደው አማካዩን ይውሰዱ። ለምሳሌ 20 ሰከንድ ቢፈጅ፣ 200ን ለ20፣ የተገኘውን እንደገና ለ20 ያካፍሉ፤ 0.5 ይሆናል። ይኸውም ባጃጁ በየሰከንዱ ፍጥነቱን በ0.5 ሜትር በሰከንድ ጨመረ ማለት ነው። የፊዚክስ መምህራን ይህን ሽምጠጣ ይሉታል፤ ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስን ያሳስባል። በመጨረሻው ድንጋይ ላይ ፍጥነቱ 10 ሜትር በሰከንድ፣ ማለት በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሞተር በመነሻው ጎትቶ ኋላ ስለሚለዝብ እውነተኛው ፍጥነት ከዚህ ጥቂት ያንሳል።

አንድ አውቶሞቢል ያንኑ 100 ሜትር በ10 ሰከንድ ቢጨርስስ? ሰዓቱ በግማሽ ቢቀንስም ሽምጠጣው እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ፣ ማለት 2 ይሆናል። የመጨረሻ ፍጥነቱም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው።

እነሆ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ የፍየል እረኛ ልጅ ድንገት መንገድ ገባ እንበል። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ያልፋል፤ ደኅና ፍሬን ደግሞ በየሰከንዱ 5 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል ብለን እናስብ። በ36 ኪሎ ሜትር የሚሄደው በ20 ሜትር ውስጥ ይቆማል። በ72 የሚሄደው ግን 60 ሜትር ይፈልጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት ከ10 ወደ 40 ሜትር፣ አራት እጥፍ አድጓልና። ልጁ በ30 ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ የመጀመሪያው ሾፌር ሰላምታ ሰጥቶት ያልፋል፤ ሁለተኛው ግን ፍሬን ቢይዝም ገና ሳይቆም ልጁ ዘንድ ይደርሳል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልኬት በአውራ ጎዳና ላይ ፈጽሞ አይሞክሩ። በሜዳው ለክተው ወደ ከተማ ሲመለሱ ግን በየገበያው አጠገብ የሾፌርዎን ፍጥነት እያዩ ለመቆም የሚያስፈልገውን ሜትር በልብዎ ያስሉ፤ ከበዛም «ወንድሜ፣ ቀስ በል» ለማለት አይፈሩ።