ቁጥራቸውን ጠረጴዛ ላይ ያወጡ ሐኪሞች

ሐኪሞች ተባብረው ይሠራሉ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሪፈር ነው፤ አንዱ ወረቀት ይጽፋል፣ ሌላው ይቀበላል። ሰሞኑን ሳነበው የሰነበትኩት የሚሺጋን ዩሮሎጂስቶች ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። እነዚህ ሰዎች የየራሳቸውን ጉድለት ቆጥረው እርስ በርስ ተያዩ።

ነገሩ የተጀመረው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2011 ነው። በዚያ የአሜሪካ ግዛት የኩላሊት፣ የሽንት ቧንቧና የፕሮስቴት ሕክምና በብዙ ዓይነት ተቋም ይሰጣል። ሮቦት ያላቸው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አሉ፤ ብዙ ሐኪም የያዙ የግል ድርጅቶች አሉ፤ በትንሽ ከተማ ከአንድ ባልደረባው ጋር የሚሠራም አለ። በሽተኛ ይሻማሉ፣ ስለዚህ አንዱ ለሌላው ገመናውን የሚያሳይበት ምክንያት አልነበረም። ብሉ ክሮስ ብሉ ሺልድ ኦፍ ሚሺጋን የተባለው የጤና መድን ገንዘቡን ቻለ፣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ማስተባበሩን ያዘ፣ በአጭሩ ሙዚክ የሚባለው ኅብረት ተቋቋመ። በኋላ ላይ ከግዛቷ ዩሮሎጂስቶች 90 በመቶ ገደማው ገቡበት።

በየክሊኒኩ የሠለጠነ ሰው የበሽተኞችን ካርድ እያገላበጠ ይመዘግባል፤ ማን ምን ተደረገለት፣ ማን ተመልሶ ሆስፒታል ገባ። በዓመት ሦስት ጊዜ ተሰብስበው ያዩታል። ታካሚዎችም ተወክለው ይቀመጣሉ። በጣም የገረመኝ ግን ገንዘቡን የሚከፍለው መድን የእያንዳንዱን ሐኪም ቁጥር አለማየቱ ነው። ቢያይማ ማን እውነቱን ይጽፋል? አለቃ የሚያየው ሪፖርት ምን ያህል እንደሚያምር መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

የፕሮስቴት ናሙናውን ጉዳይ ልንገራችሁ። ካንሰር ሲጠረጠር በተለመደው መንገድ መርፌው በፊንጢጣ ግድግዳ በኩል ይገባል፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 ጊዜ። ሰውየው በዚያው ቀን ቤቱ ይሄዳል። አንዳንዱን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ያንቀጠቅጠዋል፣ ብርድ ልብስ ቢደራረብለትም አይሞቀውም፤ ባክቴሪያው ደሙ ውስጥ ገብቷል። ቀድሞ እንዲከላከል የተሰጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን ነበር፣ ባክቴሪያው ግን ሲፕሮን ለምዶታል። ለአንድ ትንሽ ክሊኒክ ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ስለሆነ ሐኪሙ «ምን ይደረግ» ብሎ ያልፈዋል። የሁሉም ሲደመር ግን ከናሙና በኋላ በኢንፌክሽን ሆስፒታል የሚገባው ከ100 ሰው ከአንድ በላይ ሆኖ ተገኘ።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነበር፤ ወይ ቀድሞ ከፊንጢጣ ናሙና ወስዶ ባክቴሪያው የሚፈራውን መድኃኒት መርጦ መስጠት፣ ወይ በሲፕሮው ላይ ሌላ መጨመር። ላቦራቶሪ የቀረበው የመጀመሪያውን፣ ያልቀረበው ሁለተኛውን እንዲይዝ ተተወለት። ቁጥሩ ከ1.2 በመቶ ገደማ ወደ 0.6 ገደማ ወረደ። (ሲፕሮን ያለ ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ገዝተን ለሆድ ቁርጠቱም ለትኩሳቱም የምንውጥ ሰዎች፣ እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ብንል ጥሩ ነው።)

በኋላ ከዚህም አልፈው የቀዶ ጥገናቸውን ቪዲዮ ስማቸው ሳይገለጽ ለባልደረቦቻቸው አሳዩ። ፕሮስቴቱ ከወጣ በኋላ ፊኛን ከሽንት ቧንቧ ጋር መልሶ የሚያገናኘውን ስፌት ሌላ ሐኪም እያየ ነጥብ ይሰጠዋል። ሃያ ዓመት በሙያው ለቆየ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። የኩላሊት ጠጠር ሕክምናም በ2016 በኅብረቱ ሥራ ላይ ተጨመረ።

አገር ቤት ነገሩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ጠዋት መንግሥት ሆስፒታል ያየህ ሐኪም ማታ የግል ክሊኒክ ሲያይህ ሌላ ካርድ ያወጣልሃል። የመጀመሪያው ካርድ ከመዝገብ ቤት አልወጣም። አልትራሳውንዱን፣ የደም ውጤቱን፣ የድሮውን ማዘዣ በፌስታል ይዞ የሚዞረው በሽተኛው ራሱ ነው። አንድ ወረቀት ከፌስታሉ ከወደቀ ምርመራው እንደገና ይታዘዛል፣ እንደገናም ይከፈላል። በዚህ ሁኔታ ማን ተመልሶ ታመመ፣ ማን ዳነ ብሎ መቁጠር ከየት ይጀመር?

ከኅብረቱ ሥራ ለእኛ ቤተሰቦች የሚጠቅመው ግን ካንሰርን ሳይቆርጡ የመከታተሉ ጉዳይ ይመስለኛል። ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ አደጋው ዝቅተኛ የሆነ የፕሮስቴት ካንሰር ወዲያው ሳይነካ በደም ምርመራ፣ በኤምአርአይና በድጋሚ ናሙና ሊታይ ይችላል። ኅብረቱ ይህን በሰፊው አስለምዷል። እስቲ አሜሪካ ላሉ አንድ አባት ይህንን ንገሯቸው! ሽንት ሲያስቸግራቸው ለልጆቻቸው ሳይናገሩ ዓመት ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። ካንሰር የሚለው ቃል ሲነሳ ደግሞ ቤቱ በሙሉ «ዛሬውኑ ይውጣ» ይላል፤ «ጋሼ፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ እንዴ?» የማይል ዘመድ የለም። ቆርጦ ማውጣቱ ሽንት አለመቆጣጠርንና የወሲብ ችግርን ሊያስከትል እንደሚችል በዚያ ሰዓት የሚያነሳ የለም። ሁለተኛ ሐኪም ሲጠየቅ ሌላ ነገር ከተናገረ ደግሞ ቤተሰቡ የሚያምነው ቢላዋ ያነሳውን ነው። የሰፈሩ ሐኪምና የዩኒቨርሲቲው ሐኪም አንድ ዓይነት መስፈርት ይዘው አንድ ቃል ሲናገሩ ግን አባትየውም ልጆቹም ይረጋጋሉ።

ጥቁር ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር ይበልጥ ስለሚጠቁ አባቶቻችንን ወደ ምርመራ መውሰድ አለብን። ስትሄዱ ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ «ናሙና ከወሰዳችሁላቸው ሰዎች ስንቱ በኢንፌክሽን ተመልሶ ተኛ?»፣ «እርስዎ የሚሉኝን ሌላ ቦታ ብጠይቅ ይነግሩኛል?»