የጥናት ሰዓት

ዋሽንግተን ዲሲ የገባሁ ሰሞን የመጀመሪያ ሥራዬ ፓርኪንግ ነበር። የከተማዋን ምድር ቤት ጋራዦች ሌሊት ሌሊት የሚጠብቀው ማን እንደሆነ እዚያ የኖረ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ መኪና የሚባል ነገር ዝር አይልም። ጠባብ የመስታወት ቤት፣ እግር ስር የምትነድ ትንሽ ማሞቂያ፣ ያረጀ ላፕቶፕ፣ ከላይ ካለው ሕንፃ ሾልኮ የሚደርስ ዋይፋይ። ቀን ኮሌጅ እማራለሁ፤ ማታ ደግሞ "አጠናለሁ" ብዬ ደብተሬን ታቅፌ እገባለሁ። ደብተሩ ሳይገለጥ ይነጋል። ሁፕስ ዳይናስቲ ከሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ጋር የተዋወቅነው እዚያ ነው።

ጨዋታው ኳስ የሚያንጥሩበት አይደለም። ለዓይን የሚስብ ነገር የለውም፤ ሰንጠረዥና ቁጥር ብቻ ነው። የአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ትሆናለህ። ከታች፣ ከሦስተኛው ዲቪዚዮን ትጀምራለህ። ሁለተኛ ደረጃ የሚጨርሱ ልጆችን ትመለምላለህ፣ ልምምድ ትደለድልላቸዋለህ፤ ግጥሚያውን ኮምፒውተሩ ለብቻው ያካሂድና ውጤቱን ይነግርሃል። እያንዳንዱ ልጅ ፍጥነት፣ ሪባውንድ፣ መከላከል፣ ኳስ አያያዝ፣ ቅብብል እየተባለ ቁጥር ተሰጥቶታል። በዚያ ሁሉ ቁጥር መካከል አንዲት ነጥብ ያላት ትንሽ ቁጥር ነበረች፤ ጂፒኤ። ለጌጥ የገባች መስላኝ አለፍኳት።

ከመለመልኳቸው አንዱ ኳስ አቀባይ ነበር። ኮምፒውተሩ ያወጣለት ስም ጠፍቶብኛል፤ እኔ "ጉልቤው" ነበር የምለው። ፍጥነቱ ከቡድኑ ሁሉ የላቀ፣ ኳስ አያያዙ ግን ገና ጥሬ። ሌላው ደግሞ ማንም ያልፈለገው ረጅም ልጅ ነው፤ ቀርፋፋ፣ ኳስ የማይዝ፣ ነገር ግን ትምህርቱ ላይ የሚያስቀና። እሱን "ቀለሜው" አልኩት። የወሰድኩት ቦታ ስለተረፈኝ ብቻ ነው።

የልምምዱ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የደቂቃ ድልድል አለ። ይህን ያህል ለውርወራ፣ ይህን ያህል ለመከላከል፣ ይህን ያህል ለኳስ አያያዝ። ከነዚሁ ጋር በአንድ መደብ የተቀመጠ "የጥናት ሰዓት" የሚባል ነገር ነበር። ደቂቃው የተወሰነ ስለሆነ ለጥናት የሰጠኸውን ከኳሱ ላይ ትቀንሳለህ። እኔም የጉልቤውን ጥናት ወደ 5 ደቂቃ አወረድኩና የተረፈውን ሁሉ ኳስ አያያዙ ላይ ከመርኩት። በየቀኑ ቁጥሩ ሲወጣ ማየት ደስ ይል ነበር።

ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚተኩኝ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አገር ቤት ሳሉ ሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ሻያቸውን በፔርሙዝ ይዘው ይመጡና አንድ ሲኒ ለኔ ሳይቀዱ አያሰናብቱኝም። አንድ ቀን ከኋላዬ ቆመው ላፕቶፑ ላይ ያፈጥጣሉ።

"ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ቁጥር?"

"ጨዋታ ነው፣ ጋሼ። አሰልጣኝ ነኝ።"

"አንተ?" ብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። "ታዲያ ለዚህ ልጅ ጥናት 5 ደቂቃ ነው የሰጠኸው?"

"ተሰጥኦ አለው እኮ። ኳስ አያያዙን ላሻሽልለት ብዬ ነው።"

"ላስባርረው ብዬ ነው በለኛ!"

ከዚያ ሻዩን እየቀዱ የጆን ቶምፕሰንን ነገር አወጉኝ። በቶምፕሰን ዘመን ጋሼ ታክሲ ይነዱ ነበር። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ የነበረው ያ ግዙፍ ሰው ቢሮው ውስጥ አየሩ የወጣ ኳስ ያስቀምጥ ነበር፤ ኳሱ ሲተነፍስ ምን ይቀርሃል ለማለት። ቡድኑ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ደግሞ ሜሪ ፌንሎን የምትባል ሴት አብራ ትቀመጥ ነበር። ቀድሞ መነኩሲት የነበረች አስተማሪ ስትሆን ሥራዋ የልጆቹን ትምህርት መከታተል ነበር። ጋሼ የሚወዱት ይህንን ነበር። "አግዳሚው ላይ እኮ ነው! ከሐኪሙ ጎን!" ይላሉ።

ይኸው ቶምፕሰን ጃንዋሪ 14 ቀን 1989 ከቦስተን ኮሌጅ ጋር ሊጋጠሙ ሲሉ ጨዋታው ሳይጀመር ከሜዳ ወጥቶ ሄደ። ከ1986 ጀምሮ በ11 መሠረታዊ ትምህርቶች 2.0፣ በመግቢያ ፈተናው ደግሞ 700 ያላመጣ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት እንዳይጫወት በኮሌጅ ስፖርት ደንብ ተከልክሎ ነበር። በዚያ ላይ ነፃ የትምህርት ዕድሉንም እንከልክለው የሚል ደንብ ሲመጣ የድሆችን ልጆች በር ይዘጋል ብሎ ነው የተቃወመው። አግዳሚው ላይ አስተማሪ ያስቀመጠው ሰው ራሱ መሆኑ ነው የሚገርመው።

2.0 ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲ የረገጠ ሁሉ ያቺን ቁጥር በሕልሙ ጭምር ያውቃታል። እኔ ግን ኮምፒውተር ውስጥ ትከተለኛለች ብዬ አላሰብኩም። ሴሚስተሩ አለቀና አንድ ሌሊት ገጹን ስከፍት ከጉልቤው ስም ጎን "ብቁ አይደለም" የሚል ተጽፏል። ጂፒኤው 1.9 ነው። ያ ሁሉ ያሳደግኩት ኳስ አያያዝ ተቀምጦ ተመልካች ሆነ። እልሁ ይዞኝ ላፕቶፑን ጠረቀምኩት።

ቀለሜው ግን ያለ እኔ ትኩረት እያደገ ነበር። ነገሩ የገባኝ ሁለት ዓመት (የጨዋታው ሁለት ዓመት ማለቴ ነው) ቆይቶ ነው። ጨዋታው ጎበዝ ተማሪ ጎበዝ ተጫዋች ነው አይልም። ቀለሜው ጥቂት ደቂቃ አንብቦ ያልፋል፤ ስለዚህ የቀረው ደቂቃ ሁሉ የሪባውንድ ነው። ጉልቤው ግን ክፍል ውስጥ ለመቆየት ብቻ የልምምዱን ብዙ እጅ ይከፍላል። ልዩነቱ ጊዜ ነው። የቡድኑን ስልት ማወቅ ደግሞ ከጂፒኤ ተለይቶ በፊደል ይመዘናል፤ እኔ ይህን ትክክል ነው እላለሁ። በእውነተኛው ዓለም ሩሚል ሮቢንሰን የሚባለው ተጫዋች በዚያ የ1986 ደንብ የተነሳ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቱን ተቀምጦ አሳልፏል። በ1989 የኮሌጆች የፍጻሜ ጨዋታ ግን 3 ሰከንድ ሲቀር፣ ቡድኑ በአንድ ነጥብ እየተመራ፣ ሁለት ቅጣት ምት ተሰጠው። ሁለቱንም አገባ፤ 80 ለ 79። ያን ዓይነቱን ልብ የትኛው ፈተና ይለካዋል?

ጉልቤው በታገደበት ክረምት የራሴም ግሬድ ወጣ። ለጋሼ ሳሳያቸው ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አዩትና "አንተስ ስንት ደቂቃ ነው የሰጠኸው?" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ሥራ ከለቀቁ በኋላም ቢሆን፣ እሑድ እሑድ እየመጡ ስታቲስቲክስ አስጠኑኝ፤ እዚያችው መስታወት ቤት ውስጥ፣ ለሁለት ተጣበን።

ቀለሜው በአራተኛ ዓመቱ የቡድኑ ዋና ሪባውንደር ሆኖ ተመረቀ። ጉልቤው ኳስ አያያዙ ሳይበስል ሄደ። እኔ የሁለት ዓመቱን ኮሌጅ በሦስት ዓመት ተኩል ጨረስኩ፤ ከሦስተኛው ዲቪዚዮን ግን ሳልወጣ ቀረሁ።