ሞተር የሌለው ክንፍ

ስለ በረራ በተነሣ ቁጥር በአብዛኛው የሚወሳው የሞተር ታሪክ ነው። ራይት የተባሉት አሜሪካውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 በሞተር ኃይል ከመሬት መነሣታቸውን የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ እነዚሁ ወንድማማቾች ከ1900 እስከ 1902 ድረስ ሞተር የሌላቸውን ክንፎች ከአሸዋ ኮረብታ ላይ እያንሳፈፉ የአየርን ጠባይ ሲያጠኑ መክረማቸው እምብዛም አይነገርም። ከእነርሱም አስቀድሞ ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል የሽመላን ክንፍ ለብዙ ዓመታት መርምሮ ውጤቱን በ1889 በመጽሐፍ ካወጣ በኋላ፣ ከ1891 ጀምሮ በገዛ እጁ በሠራቸው ክንፎች ሁለት ሺህ ያህል ጊዜ ከኮረብታ ላይ ተንሳፍፎአል፤ በ1896 ወድቆ ሕይወቱ እስካለፈ ድረስም ጥናቱን አላቋረጠም። እንግዲህ ከሞተሩ በፊት ክንፉ፣ ከክንፉም በፊት አየሩን መረዳት ቀድሞአል ማለት ነው።

ይህን የማነሣው ስለ አንድ የትርፍ ጊዜ ሥራ ጥቂት ለማለት በማሰብ ነው። ሥራውም ሞዴል ግላይደር የሚባለውን፣ ሞተር የሌለውን አነስተኛ አውሮፕላን ሠርቶ፣ አሻሽሎና በሬዲዮ መርቶ ማብረር ነው። በመምህርነት በምኖርባት በመርሳ ከተማ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ ከተማሪዎቼ ጋር በዚሁ ሥራ ጥቂት ዓመታት አሳልፈናል። በሌላው ዓለም ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ አሜሪካውያን መንትዮች እ.ኤ.አ. በ1937 ሞዴል አውሮፕላን በሬዲዮ እየመሩ አብርረዋል። በእኛ ዘንድ ግን እንደ ቅንጦት ወይም እንደ ሕፃናት ጨዋታ የሚመለከተው አይጠፋም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥራው ያካባቢያችን ሕዝብ ሲወርድ ሲዋረድ ከያዘው የነፋስ ዕውቀት ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው መሆኑን ማሳየት ነው።

ግላይደርን ከሌላው አውሮፕላን የሚለየው አንድ ሐቅ አለ፤ ይኸውም ዘወትር በመውደቅ ላይ መሆኑ ነው። የሚጎትተው ሞተር ስለሌለው ፍጥነት የሚያገኘው ከፍታውን እየከፈለ ነው። ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ነፋስ በሌለበት ሰዓት የተለቀቀ ሞዴል 12 ሜትር ርቆ ቢያርፍ፣ አንድ ሜትር በወረደ ቁጥር ስምንት ሜትር ተጉዟል እንላለን። ዛሬ ሰው የሚጭኑት የላቁ ግላይደሮች አንድ ሜትር ሲወርዱ ከ50 ሜትር በላይ ይጓዛሉ። ቢሆንም ቅሉ እነርሱም ይወድቃሉ። ታዲያ ለሰዓታት በሰማይ የሚቆዩት እንዴት ነው? ከሚወድቁበት ፍጥነት በላቀ ፍጥነት ወደ ላይ የሚወጣ አየር ፈልገው በውስጡ ስለሚገቡ ነው። ጥበቡ በሙሉ ያረፈው ከዚህ ላይ ነው። አየሩ ግን አይታይም፤ የሚነበበው በምልክቱ ነው።

ለዚህ ንባብ ከወልድያ እስከ መርሳ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ነው። ከወልድያ ተነሥቶ በሲሪንቃ በኩል ወደ መርሳ የሚወርድ መንገደኛ በስተቀኙ የወሎን ደጋ ጠርዝ፣ በስተግራው ደግሞ ወደ አፋር ምድር እያዘቀዘቀ የሚሄደውን አገር ያገኛል። ፀሐይ ከፍ ስትል የቆላው መሬት ይግላል፤ በላዩ ያለው አየርም ሞቆ ሽቅብ ይነሣል። ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ በበኩሉ ከጋራው ጎን ጋር ሲጋጭ መሄጃ ስለሚያጣ ወደ ላይ ይወጣል። አንደኛው እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው፤ ሁለተኛው እንደ ሸማ ጥለት የጋራውን ጠርዝ ተከትሎ ይዘረጋል። ሁለቱም ለክንፍ መሰላል ናቸው።

ይህን መሰላል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ጥንብ አንሣ ነው። ከጥንብ አንሣዎቻችን አንዱ በዓለም የሚጠራው በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን ዞሮ ባጠናው በጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ስም ነው። ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ይደርሳሉ። ከዚሁ ዝርያ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1973 በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ፣ ከ11 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ከአውሮፕላን ጋር መጋጨቱ ተመዝግቦአል። እንዲህ ያለ ከፍታ የሚደርሰው ወፍ በማለዳ አይቸኩልም፤ ገደሉ ላይ ተቀምጦ ድንጋዩ እስኪሞቅ ይጠብቃል። ተነሥቶም ቢሆን ክንፉን ከማራገብ ይልቅ ዘርግቶ መዞርን ይመርጣል። ተማሪዎቼ አንድ ደብተር ይዘው የመጀመሪያው አሞራ የሚነሣበትን ሰዓት ለብዙ ሳምንታት ሲመዘግቡ፣ የሞዴሎቻቸውን የማብረሪያ ሰዓት ከእርሱ ተማሩ። የሚያሳዝነው ግን ይህ መምህራችን መርዝ በተደረገበት ጥንብና በሌላም ምክንያት ቁጥሩ እየተመናመነ ሄዶ፣ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት የዓለም አዕዋፍ መካከል መመዝገቡ ነው።

ሆኖም ነፋስን የሚያነበው ወፍ ብቻ አይደለም። የሀብሩ ገበሬ በአውድማው ላይ ጤፉን አበራይቶ ሲያበቃ መንሹንና ላይዳውን ይዞ ነፋስ ይጠብቃል። እፍኝ ገለባ ወደ ላይ በትኖ የነፋሱን አቅጣጫና ጉልበት ይመዝናል። ነፋሱ ሲበረታ ፍሬው ከእብቁ ጋር እንዳይሄድ፣ ሲደክምም እብቁ በፍሬው ላይ እንዳይመለስ አቋቋሙን ይለዋውጣል። ማሽላ በሚያሸትበት ወራት ከማማ ላይ ሆኖ በወንጭፍ ወፍ የሚጠብቅ ልጅም ድንጋዩ በነፋስ ምን ያህል እንደሚሸሽ ለማወቅ መጽሐፍ አያሻውም። ይኸው ልጅ ከክፍል ሲገባ ግን ዕውቀቱ ከደጅ ይቀራል፤ ስለ አየር ግፊት የሚማረውም እንደ ባዕድ ነገር ይሆንበታል። ግላይደሩ የጠቀመን ደጅ የቀረውን ዕውቀት አስከትሎ ወደ ክፍል በመግባቱ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ሞዴል ሠሪዎች ለረጅም ጊዜ የተገለገሉት ከደቡብ አሜሪካ በሚገኘው ባልሳ በሚባል እጅግ ቀላል እንጨት ነው። እኛ ዘንድ ባልሳ የለም። ነገር ግን በየአጥሩ የሚታየው ቃጫ አብቦ ሲደርቅ የሚተወው ረጅም ዘንግ ላዩ ጠንካራ፣ ውስጡ እንደ ቡሽ፣ ክብደቱም ቀላል ነው። በቁመቱ ተሰንጥቆ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ለክንፉ የፊት ጠርዝ ይሆናል። የቁልቋል እንጨትም ቀላል ነው፤ ወተቱ ዐይን የሚጎዳ ስለሆነ ግን ደርቆ ከከረመው በስተቀር ተማሪ እንዲነካ አልፈቅድም። ለአጥንቱ ስንጥቅ ቀርከሃ፣ ለሽፋኑ ስስ ወረቀት ወይም ፌስታል፣ ለማጣበቂያ የእንጨት ኮላ እንጠቀማለን። ከቴሌቪዥን ማሸጊያ የሚወጣው ነጭ ፎም በምላጭ ተቀርፆ ጥሩ ክንፍ ይወጣዋል። አፍንጫው ላይ ክብደት ለመጨመር ከጭቃ የበለጠ ነገር አላገኘንም፤ መቀነስም መጨመርም በጣት ነውና።

ሠርቶ መጨረስ ግን የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም። አዲስ ሞዴል አፍንጫው ከቀለለ ሽቅብ ያቀናና ፍጥነቱን ጨርሶ ቁልቁል ይደፋል፤ ከከበደም እንደ ተወረወረ ድንጋይ ይወርዳል። የክብደቱ ማዕከል ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ፣ የክንፉን ወርድ ሲሶ ያህል ገባ ብሎ ሲያርፍ ነገሩ መቃናት ይጀምራል። የክንፎቹ ጫፎች ጥቂት ቀና ያሉ እንደሆነ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ሞዴል ራሱን ይመልሳል። ይህ ሥራ ክራር ከመቃኘት ጋር ይመሳሰላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት ቅኝቶቻችን መካከል ሁለቱ የዚሁ የወሎ ምድር ስም የያዙ ናቸው። ክራር የሚቃኝ ሰው ክሮቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ አያጠብቅም፤ አንዱን ነክቶ ያዳምጣል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ያልፋል። እኛም በአንድ ውርወራ አንድ ነገር ብቻ እንዲለወጥ ደንብ አወጣን። አፍንጫው ላይ ጭቃ የጨመረ ልጅ ጅራቱን አይነካም፤ አስቀድሞ ወርውሮ፣ ርቀቱን በእርምጃ ለክቶ፣ በደብተሩ ይጽፋል። ምክንያትና ውጤትን ለይቶ ማወቅ ማለት ይኸው አይደለምን?

ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ሌላ ነገር የምድራችን ከፍታ ነው። ወልድያ ባለችበት፣ 2,000 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ፣ አየሩ ከባሕር ወለል አየር ይልቅ አንድ አምስተኛ ለሚጠጋ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር የተነደፈ ሞዴል እኛ ዘንድ ክብደቱን ለመሸከም ከመቶ 10 ያህል ፈጥኖ መብረር ይኖርበታል። ፍጥነቱን የማይፈልግ ሠሪ ወይ ሞዴሉን ያቀልላል፣ ወይም የክንፉን ስፋት በአንድ አምስተኛ ያህል ይጨምራል። ተማሪዎቼ ከሌላ አገር የመጣ ንድፍ ለአገራቸው አየር መታረም እንዳለበት የተረዱት ከዚህ ስሌት ነው፤ እኔ በቃል ብነግራቸው ኖሮ ይህን ያህል ባልገባቸው ነበር።

ሬዲዮው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መሣሪያው በእጅ የሚያዝ ማሰራጫ፣ በሞዴሉ ሆድ የሚቀመጥ መቀበያ፣ አነስተኛ ባትሪና ሰርቮ የሚባሉ ሁለት አንቀሳቃሾች ናቸው። እያንዳንዱ ሰርቮ 9 ግራም ያህል ይመዝናል። አንደኛው በጅራቱ ላይ የቆመውን ክፍል ግራና ቀኝ፣ ሁለተኛው አግድም የተኛውን ላይና ታች ያዞራል። በ2015 ዓ.ም. የበጋ ወራት ፈቃድ ጠይቀንና አግኝተን፣ የክንፉ ርዝመት አንድ ሜትር ተኩል የሆነውን ሞዴል ከከተማው ወጣ ካለ ኮረብታ ላይ ለቀቅነው። ከአንዲት ተማሪ እጅ ወጥቶ መጀመሪያ ጥቂት ዝቅ አለ። ከጠርዙ በላይ ወደሚወጣው ነፋስ ሲገባ ግን መውረዱን ተወ። በጠርዙ ትይዩ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ፣ ሲታጠፍ ምን ጊዜም ፊቱን ከጋራው ወደ ውጭ እያዞረ 11 ደቂቃ ቆየ። ጭቃና የቃጫ ዘንግ፣ ያለ ሞተር፣ 11 ደቂቃ!

ሳይነሣ የማይታለፍ ጉዳይ አለ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ወልድያና ሀብሩ በጦርነት ውስጥ አልፈዋል። በዚያ ወራት ለልጆቻችን የሰማይ ትርጉሙ ተለወጠ። ከላይ ድምፅ ሲሰሙ ቀና ብሎ ማየትን ትተው ጎንበስ ብሎ መሮጥን ለመዱ። ስለዚህ ያን ቀን በኮረብታው ላይ ከብት ሲጠብቁ የነበሩ አንድ አዛውንት ወደ እኛ መጥተው፣ «አስተማሪው፣ ይህ ነገር ይጮኻል ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ጥያቄያቸው ከየት እንደ መጣ አልጠፋኝም። «አይጮኽም፣ አባቴ፤ ሞተር የለውም። ይኸው ያድምጡት» አልኋቸው። ዝም ብለው አዳመጡ። ነፋስ በክንፉ ላይ ሲያልፍ ከሚያሰማው ሹክሹክታ በቀር የሚሰማ አልነበረም። «ካልጮኸማ እንደ አሞራው ነው፤ ይብረር» ብለው ከአጠገባችን ተቀመጡ። ከተማሪዎቼ መካከል በፈተና ወረቀት ላይ ስለ ግላይደር ከዚህ የተሻለ ትርጉም የሰጠኝ የለም።

ከዚያው ዓመት ክረምት ወዲህ በክልሉ እንደገና ግጭት በመቀስቀሱ ሬዲዮውን ከሳጥኑ አላወጣነውም። በሩቅ ሆኖ ለሚያየው ሰው በሬዲዮ የሚመራ ነገር ምን እንደሆነ አይለይምና፣ የአንድን እናት ልብ ከማስደንገጥ የእኛ ሥራ ቢዘገይ ይሻላል። በእጅ የሚወረወሩት ሞዴሎች ግን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ መብረራቸውን አላቆሙም። እነርሱን ለመከተል ቀና የሚለውን ልጅ ባየሁ ቁጥር ሥራው ከስሌት ትምህርት የሚበልጥ ዋጋ እንዳለው ይሰማኛል።

«በዚህ ሁሉ ችግር መካከል ይህ ለምን ይበጃል?» የሚል ጥያቄ ከባልደረቦቼም ቀርቦልኛል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር በመሆን አዲስ አበባ ላይ የሠራት «ፀሐይ» የተባለች አውሮፕላን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተወስዳ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በባዕድ ሙዚየም ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመልሳለች። በዘመናችን ደግሞ አቶ አስመላሽ ዘፈሩ በቮልስዋገን ሞተር የምትሠራ አውሮፕላን በራሳቸው ጥረት ሠርተው፣ ከእናታቸው ስም መነሻ ፊደልና ሥራው ከወሰደባቸው 570 ቀናት በመነሣት «ኬ-570ኤ» ብለዋታል። እንዲህ ያለ ሥራ የተመቸ ጊዜ እስኪመጣ የተጠበቀበት አይደለም። ፀሐይ የተሠራችው ወረራ በደጅ በነበረበት ዓመት ነው። በችግር ጊዜ የተሠራ ነገር ሁሉ ይሰምራል ለማለት አይደለም፤ እጅ ሥራውን ካቆመ ግን ችግሩ ሲያልፍ የሚጀምር ሰው አይገኝም ለማለት ነው።

ስለሆነም ለመምህራን ባልደረቦቼ የማቀርበው አሳብ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። አንድ የደረቀ የቃጫ ዘንግ፣ አንድ ምላጭ፣ ጥቂት ጭቃና አንድ ደብተር ይበቃል። ለኪነ ጥበብ ሰዎችም ክንፍ ሲቀርጽ መስመሩ የሚያምርበትና አየሩ የሚወደው ብዙ ጊዜ አንድ መሆኑን ራሳቸው ሠርተው እንዲያዩት እመክራለሁ። ከሁሉም በፊት ግን ልጆቹን ወደ አውድማው ይዞ መሄድ ይገባል። እዚያ ገለባ በትኖ ነፋስ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ የመጀመሪያው ትምህርት ከእርሱ ይቀሰማል።