ጠምበለልና የቀርከሃው አጥር

እዚህ አዊ፣ ግምጃ ቤት ከተማ፣ ዛሬም ዘንቧል። በረንዳ ላይ ተቀምጬ አጥሩን እያየሁ ነው የምጽፈው።

ጠምበለልን አብዛኞቻችን የምናውቃት በዘፈን ነው፤ ቆንጆ ሲወደስ ስሟ ይነሣል። ተክሏን አሳዩኝ ቢባል ግን የሚጠቁም ጥቂት ነው። የደጋ ጫካ ሐረግ ናት። ሳይንሱ ጃስሚነም አቢሲኒከም ይላታል፤ አገሯን በስሟ ይዛ ትዞራለች። ቅጠሏ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል፣ አበባዋ ነጭ ነው፣ እምቡጧን በውጭ በኩል ሮዝ ነካ ያደርገዋል። ሽታዋ ሲመሽ ይብሳል።

የመጀመሪያዋን ከወንዝ ዳር ቆርጬ አመጣሁና አንገቱ በተቆረጠ የ20 ሊትር ጀሪካን ተከልኳት። ገደልኳት። እዚህ ፋንድያ አይቸግርም፤ ፈረሰኛው ለጥር 23ቱ የፈረስ በዓል ሲሰናዳ መንገዱ ሁሉ ፋንድያ ነው። ትኩሱን ዝቄ ሞላሁባትና ሥሯን አቃጠላት። የጀሪካኑን ቂጥ መብሳትም ረስቼ ነበር፤ የአዊን ዝናብ ለሚያውቅ ይህ ይቅር የማይባል ነው።

ለሁለተኛዋ አልቸኮልኩም። ሐረጓን ከእናቷ ሳልለይ ጎንበስ አድርጌ አንጓዋን አፈር አለበስኩት፣ ድንጋይ ጫንኩበት። ከወራት በኋላ ሳብ ባደርጋት እምቢ አለች፤ ሥር ሰዳለች። ያኔ ቆርጬ አጥሩ ሥር ተከልኳት። ቀይ አፈራችን አሲዳማ ነው፣ ገበሬው ኖራ የሚበትንለት፤ ስለዚህ ከርሞ አፈር የመሰለ ፋንድያ ቀላቀልኩበት።

ጎረቤታችን እትዬ ጠምበለሏን አይተው፣ «ልጄ፣ ይቺ ምኗ ይበላል? ዲከረንስ ብትተክይ እኮ ከሰል ይወጣው ነበር» አሉኝ። አልተሳሳቱም። በአዊ የዲከረንስ ዛፍ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ ብዙ ነው። ሳቅሁና ዝም አልኩ።

ጭንቁ የመጣው ዘንድሮ ነው። ቀርከሃ እግሩ አፈር ከገባ ብዙ ዓመት አይዘልቅም፣ ከሥሩ ይበሰብሳል። ዛሬ ጠዋት አባቴ አጥሩን ሊያድስ ገጀራ ይዞ ወጣ። አንዱን ቋሚ ነቅነቅ ቢያደርገው ብድግ ብሎ መጣለት፤ እግር የሚባል አልቀረውም። አጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ጠምበለሏ ከዳር እስከ ዳር ጠፍራ ይዛዋለች። አዲስ ቀርከሃ ለማስገባት እሷን መቁረጥ ግድ ነው።

«ሥሯ ካለ መልሳ ታቆጠቁጣለች» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ታቆጠቁጣለች። ግን እምቡጥ ይዛለች።

«አባባ፣ አበባዋ እስኪረግፍ ብቻ» አልኩት።

አጥሩንም እኔንም ተራ በተራ አየና ገጀራውን ማገሩ ላይ ሰካው። ከዚያ ቡና ጠየቀ።