አንድ ዘንግ ለሁለት ትከሻ

አንባቢ ሆይ! በየሳምንቱ የአገራችንን ጣጣ የሚያትት ጋዜጣ ዛሬ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ምን አስጻፈው ብለህ ገጹን ለመግለጥ መቸኮልህ ይገባኛል። እኔም በሙያዬ ላይ ሳለሁ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቢመጣልኝ «ለሌላ ሳምንት ይቆይ» ብዬ ጠረጴዛ ሥር እጥለው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ታገሠኝ። ከመካከላችን እቤቱ ተቀምጦ ዝም ያለ ሽማግሌ የሌለው ማን አለ?

ኦክላንድ ከተማ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ነኝ። አገር ቤት ጋዜጠኛ ነበርኩ። ከ1997ቱ ምርጫ ማግሥት፣ በ1998 ዓ.ም. የግል ጋዜጦች ሲዘጉና ባልደረቦቼ ሲታሠሩ በሞያሌ በኩል ወጣሁ። ናይሮቢ በስደት ስቀመጥ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ዲግሪ ተቀበልኩ። ዲግሪው ዛሬ ኦክላንድ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። እኔ ሌሊት የሰው ንብረት እጠብቃለሁ፤ እሱ የኔን ቤት ይጠብቃል።

ሳን ሆዜ ደግሞ ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ። ሰባን አልፈዋል። ባሕር ዳር ተወልደው ያደጉ፣ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጡ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ በኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርተው ጡረታ የገቡ ሰው ናቸው። አምና ባለቤታቸው ዐረፉ። ለቀብርና ለሰልስት ቤቱን የሞላው ሰው ከተዝካሩ በኋላ ወደየጉዳዩ ሄደ። አንድ ቀን ልጃቸው ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ አባዬ ከሶፋው አይነሣም። ቴሌቪዥኑን እከፍትለታለሁ፤ አያየውም። እባክህ አንድ ነገር አድርግ» አለችኝ።

ሄድኩ። ቡና ተፈላ። ስለ አገር ቤት ወሬ አነሣሁ፣ ዝም። ስለ ዕድሩ አነሣሁ፣ ዝም። ነገር ቢጠፋኝ «ጋሼ፣ ጣና ዳር ያደገ ሰው ሁሉ ዓሣ ያጠምዳል ይባላል፤ እውነት ነው እንዴ?» አልኳቸው።

ቀና አሉ። «በሸምበቆ ነበር የምናጠምደው። ክሩን ከልብስ ሰፊ ለምነን፣ መንጠቆዋን በስሙኒ ገዝተን። ቀረሶ ይዤ ቤት ስገባ እናቴ በትር ይዛ ትጠብቀኛለች። ከትምህርት ቤት መቅረቴን ዓሣው ይናገርብኛላ!» አሉ።

ልጃቸው ከወጥ ቤት ሮጣ መጣች። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ከአባቷ አፍ ይህን ያህል ቃል ሲወጣ አልሰማችም ነበር። «አሁንስ ይሄዳሉ?» አልኳቸው። «የሚወስደኝ ከተገኘ» አሉ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት እንዲህ ነው። ስለ ዓሣ የማውቀው ለብለቡንና ጉላሹን ብቻ ነበር። ከአንድ መደብር ገብቼ «ለውቅያኖስ የሚሆን ዘንግ» አልኩ። ሻጩ ማን እንደሚወረውረው አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። 12 ጫማ፣ ማለት ሦስት ሜትር ከስልሳ የሚረዝም ዘንግ አወረደልኝ። ከመያዣው በላይ ከ4 እስከ 8 አውንስ እንደሚጥል ተጽፎበታል። ባሕሩ ትልቅ ከሆነ ዘንጉም ትልቅ ይሁን ብዬ የሁለት ሌሊት ደሞዜን ከፍዬ ወጣሁ። ከሁለት ተፈትቶ እንኳ በመኪናዬ ውስጥ ከኋላ እስከ ፊት መስተዋት ደረሰ።

በሰኔ አንድ ማለዳ ጋሼን ይዤ ፓሲፊካ ባሕር ዳር ወረድን። የዚህን አገር ሰኔ የማያውቅ አያምነኝም፤ ጉሙ ከባሕሩ ተነሥቶ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ጋሼ ካፖርታቸውን ቆልፈው ዘንጉን አነሡ። አንድ ጊዜ ወረወሩ፣ እርሳሱ እግራቸው ሥር ወደቀ። ሁለተኛ ወረወሩ። በሦስተኛው ቀኝ ትከሻቸውን ይዘው ቆሙ። ሃያ ስምንት ዓመት የፋብሪካ ጠረጴዛ ላይ ያጎነበሰ ትከሻ ነው። «ልጄ፣ ይህ የጎጆ ምሰሶ ነው እንጂ ዘንግ አይደለም» አሉና ሄደው መኪናው ውስጥ ተቀመጡ። እስከ ሳን ሆዜ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሰውየውን ከሶፋው አንሥቼ፣ አለመቻላቸውን አሳይቼ፣ ወደ ሶፋው መለስኳቸው።

ያን ጊዜ የድሮ ሙያዬ ትዝ አለኝ። የማያውቅ ሰው ይጠይቃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሌሊት ሥራ እንደ ወጣሁ ድልድዩን እየተሻገርኩ፣ አንድ ቀን ሳን ፍራንሲስኮ ኦሽን ቢች፣ አንድ ቀን ፓሲፊካ እየሄድኩ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከቬትናምና ከሜክሲኮ የመጡ ሽማግሌዎች አጠገብ ቆምኩ። ስደተኛ ስደተኛን ምክር አይነፍገውም። የሰበሰብኩትን እነሆ።

መጀመሪያ ዓሣውን ዕወቅ። በዚህ ዳርቻ ሰው ሁሉ የሚያሳድደው ስትራይፕድ ባስ ይባላል፤ ጎኑ ላይ ከጭንቅላት እስከ ጅራት የተሠመሩ ጥቁር መስመሮች አሉት። በበጋቸው ወራት ትንንሽ ዓሦችንና የአሸዋ ሸርጣኖችን እያሳደደ እስከ ዳርቻው ይጠጋል። ማዕበሉ ከሚሰበርበት የአሸዋ ጉብታና ከዳርቻው መካከል ቦይ የመሰለ ጥልቅ ቦታ አለ፤ ዓሣው እዚያ ነው የሚያድነው። ብዙ ጊዜ ከቆምክበት ሃያና ሠላሳ ሜትር አይርቅም። ስለዚህ አድማስ ድረስ መወርወር ግድ አይደለም። ጀማሪው ዓሣው ባለበት ላይ አሳልፎ፣ ዓሣ የሌለበት ይጥላል።

ቀጥሎ ዘንጉ። እኔ የፈለግሁት ሁለገብ፣ ማለት ዛሬ ዳርቻ ላይ፣ ነገ ፒየር ላይ፣ ከነገ ወዲያ የኦክላንድ ወደብ አካባቢ ለባሕረ ሰላጤው የሚያገለግል አንድ ዘንግ ነው። ሁለት ለመግዛት አቅም የለኝም። ሽማግሌዎቹ የተስማሙበት 9 ጫማ፣ ማለት ሁለት ሜትር ከሰባ ገደማ ነው። ከዚያ ካጠረ ክሩን ከሚሰበረው ማዕበል በላይ አንሥቶ ለመያዝ ያስቸግራል፤ ከ11 ከበለጠ ክንድ ይጨርሳል።

ከመያዣው በላይ የተጻፈውን ቁጥር እንደ ውል አንብበው። ከ1 እስከ 3 አውንስ፣ ማለት ከ28 እስከ 85 ግራም እንደሚጥል ከተጻፈበት፣ ብረት ማንኪያ የሚመስለውንም፣ ዓሣ የሚመስለውንም ማታለያ ይወረውራል። ለክሩ ከ15 እስከ 30 ፓውንድ የሚል ይበቃል። ጫፉን ጣሪያ አስነክተህ ቀስ ብለህ ግፋው፤ ላይኛው ክፍል ታጥፎ ታችኛው ጠንክሮ ከቀረ ጥሩ ነው። ከሥሩ የሚታጠፍ ከሆነ ትልቅ ዓሣ ሲመጣ አያዝልህም፤ ጭራሽ የማይታጠፍ ከሆነ ደግሞ መንጠቆውን ከዓሣው አፍ ይነቅላል።

ሥሪቱን በተመለከተ፣ ግራፋይት ቀላልና ስሜቱ ፈጣን ነው፤ ዓሣው ሲነካካ እጅህ ላይ ይሰማሃል። ነገር ግን ከድንጋይ ጋር ከተጋጨ ይሰበራል። ፋይበርግላስ ከባድ ነው፤ ቢረገጥም ይታገሣል። ሁለቱ የተደባለቁበት ዓይነት አለ፤ ከ1976 ጀምሮ የሚታወቀው አግሊ ስቲክ የዚህ ወገን ነው። ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ውስጥ ውስጣቸውን በጥጥ እበሳቸው፤ ጥጡን ከያዘው ክሩንም ይቆርጠዋል። ጨው የማይበላው ብረት መሆኑንም ጠይቅ፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ከባሕር ስትመለስ በንጹሕ ውሃ ማጠብ አትርሳ።

ክር መጠቅለያው 4000 ወይም 5000 ቁጥር ቢሆን ይመጥናል። 30 ፓውንድ የሚችል የተገመደ ቀጭን ክር፣ ጫፉ ላይ ከ20 እስከ 25 ፓውንድ የሚችል ጥርት ያለ ክር። መጠቅለያውን ከዘንጉ ጋር ገጥመህ በአንድ ጣት አንሣው፤ ጫፉ ከወደቀ ክንድህም ከሰዓት በኋላ ይወድቃል። የመያዣው ርዝመት ከመጠቅለያው እስከ መጨረሻው ከብብትህ እስከ እጅህ እንዲሆን ለካ። ይህን የሚለካው ግን የሚወረውረው ሰው ነው፤ የኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነበር።

ሁለገብ ዘንግ የማይችለውም አለ። ማዕበሉ በበረታ ቀን 6 አውንስ እርሳስ አስረህ አሸዋ ላይ ማስተኛት አይሆንልህም። ለትንንሾቹ ሰርፍፐርች የሚባሉ ዓሦችም ትንሽ ይከብዳል። አንድ ዘንግ ያለው ሰው እነዚህን ቀኖች ይተዋቸዋል።

ሕጉን ደግሞ አትዳፈር። ዕድሜው 16 የሞላ ሰው ከባሕር ዳርቻ ለማጥመድ የካሊፎርኒያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከሕዝብ ፒየር ላይ ግን ያለ ፈቃድ ይቻላል። ከ18 ኢንች፣ ማለት ከ46 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ባስ ይመለሳል፤ በቀን ከሁለት በላይ መያዝ አይቻልም። ደንቡ ስለሚሻሻል ከመውጣትህ በፊት የዓመቱን መመሪያ ተመልከት። ለባሕሩም ጀርባህን አትስጥ፤ ሰው ጠራርጎ የሚወስድ ማዕበል ሳይታሰብ ይመጣል።

ስለ መብላቱም አንድ ነገር። ከሳን ሆዜ በስተደቡብ ኒው አልማደን የሚባል በ1840ዎቹ የተከፈተ የባዜቃ ማዕድን ነበር። ባዜቃውን ወርቅ ቆፋሪዎች ይጠቀሙበት ነበር፤ ትርፉ በወንዞቹ ወርዶ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ተቀምጧል፤ ከዚያም ወደ ዓሣው ገብቷል። ስለዚህ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችና ልጆች የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤን ስትራይፕድ ባስ እንዳይበሉ የክፍለ ሀገሩ የጤና ባለሥልጣኖች ይመክራሉ። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወው፤ ይህን ምክር ግን ፍስክም ሆነ ጾም ጠብቁት።

ትልቁን ዘንግ ለአንድ ግዙፍ የቶንጋ ተወላጅ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩለት። በእጁ ላይ የክብሪት እንጨት መሰለ። ዘንጉስ ምንም አልነበረበትም፤ ባለቤቱን ነበር ያጣው። ከዚያ ጋሼን በግድ ይዤ መደብር ሄድን። አምስት ስድስት ዘንግ አነሡ፣ መለሱ። አንዱን ባለ 9 ጫማ ሁለቴ አወዛውዘው «ይህ ሸምበቆዬን ይመስላል» አሉ። ዋጋው ከመቶ ዶላር ብዙም አልራቀም።

በሐምሌ ወደ ፓሲፊካ ስንነዳ የዓሣውን ታሪክ አወራኋቸው። ይህ ዓሣ የዚህ ዳርቻ ተወላጅ አይደለም። በ1879 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አፄ ዮሐንስ ዙፋን ላይ ሳሉ፣ 132 ትንንሽ ባሶች ከኒው ጀርሲው ኔቭሲንክ ወንዝ ተይዘው በባቡር አሜሪካንን አቋርጠው ማርቲኔዝ አጠገብ ተለቀቁ። በ1882 ደግሞ ሦስት መቶ ያህል ተጨመሩ። በአሥር ዓመት ውስጥ ለገበያ እስከ መቅረብ በዙ፤ ከ1935 ወዲህ ለንግድ ማጥመድ ተከልክሏል።

«ታዲያ ግሪን ካርድ አለው በለኛ!» አሉና ሳቁ። በጸደይ ከባሕር ተነሥቶ በሳክራሜንቶና በሳን ዋኪን ወንዝ ሽቅብ ወጥቶ እንቁላሉን እንደሚጥል ስነግራቸው ግን ሳቃቸውን ገቱ። «የጣናም ነጭ ዓሣ በክረምት ጉማራና ርብ ይወጣል። ይኸኛው ደግሞ በማያውቀው ወንዝ ወጣ፤ መውጣቱን አልተወም» አሉ። ከዚያ እስከ ባሕሩ ስለ ባለቤታቸው አወሩኝ። ካርቱም እንዴት እንደ ተገናኙ፣ ምን ለብሳ እንደ ነበር፣ ሁሉንም።

በስንተኛው ውርወራ እንደ ሆነ አልቆጠርኩም፤ ዘንጉ ጎበጠ። ጋሼ እንደ ልጅ ጮኹ። ወደ ኋላ እያፈገፈጉ፣ ማዕበሉ ሲገፋላቸው እየጠቀለሉ፣ ሲስብባቸው እየለቀቁ ጎትተው አወጡት። በሜትር ለካሁት፤ 17 ኢንች።

«አንድ ኢንች ነው የጎደለው፤ ጋሼ፣ ማንም አያየንም» አልኩ። አፌ አመለጠኝ።

አዩኝ። «አንተ ጋዜጠኛ አልነበርክም እንዴ? ማንም አያየንም ያሉትን አይደል ስትጽፍባቸው የኖርከው?» አሉኝ። ፊቴ ቀላ። እሳቸው ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን በውሃ አርሰው፣ ዓሣውን ቀስ አድርገው ማዕበሉ ውስጥ ያዙት። ጅራቱ ሲንቀሳቀስ «ሂድ፣ እናትህ በትር ይዛ ትጠብቅሃለች» ብለው ለቀቁት።

ባዶ እጃችንን ተመለስን። በሳምንቱ ገና ሳይነጋ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው፤ «አንተ ሰው፣ ማዕበሉ ወርዷል፤ ምን ያስተኛሃል?» ይሉኛል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ዘንጉም ሳን ሆዜ ቀርቷል፤ በራቸው ኋላ ካፖርታቸው አጠገብ ቆሟል። እኔ አጠገባቸው እጄን አጣጥፌ መቆም ስለ ሰለቸኝ በሚቀጥለው ደሞዝ የራሴን እገዛለሁ። 9 ጫማ፣ ከ1 እስከ 3 አውንስ። ትከሻዬን ይዤ እሄዳለሁ።